የግራ ስለት

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ጠባብ ሱቅ ገባሁ፤
ሦስት የጃፓን ቢላ ጨርቅ ላይ ተጋድመው አየሁ።
«ስለቱ ባንድ ጎን ነው፤ የቀኙ በግራ መንገድ ይስታል፤»
አለ ጋሽ ገዝሙ፤ «እጅሽ የትኛው ነው? እሱ ይቀድማል።»

ዝም አልኩ።
«በቀኝሽ!» እየተባለ፣ በማስመሪያ ተመትቶ፣
ከዴስክ ሥር ያደገው እጄ፣ ወጣ እያፈረ፣ ፈርቶ።

አሁን ካዛንቺስ፣ ምሳ ሳይደርስ፣ ድንጋዩን ውሃ አጠጥቼ
እስለዋለሁ በዝግታ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮ ሰጥቼ።
ሽንኩርት አያስለቅሰኝም፤ የክትፎው ሥጋ አይቀደድም፤
አጥንት አላስነካውም፣ ይሸረፋል፤
ለዋናው ሼፍም አላውስም።

ግራ ገብቶኝ ኖሬ እቴ፣
ዛሬ ግራዬ ገባኝ፤ ሳልሳል ሰመረ ስለቴ።