የተጠሩት

ባለካሬ ደብተሯን ዘርግታ፣ እርሳሷን በምራቋ አርሳ፣
ፌነት የእንግዶቿን ስም ትጽፋለች፣ አንዱንም ሳትረሳ።
ቅዳሜ ሰባት ይሞላታል። ኪሴ ከወዲሁ አልቦታል፤
የድሬ ሙቀት ነው ልበል? ወይስ ኬክ ቤቱ የጠራው ዋጋ ደርሶታል?

«አንደኛ፣ ሻምበል። ሁለተኛ፣ ጉርሻ። ሦስተኛ፣ አንድ ጆሮ።
አራተኛ፣ የሥጋ ቤቷ እናት፣ ከነቡችሎቿ፣ የወለደቻቸው ዘንድሮ።
አምስተኛ፣ ባቡር።»
እርሳሷ ቆመ።

«ሰውስ?» አልኳት፤ «የክፍልሽ ልጆች? ጎረቤት? እነ ነኢማ?»
ቀና ብላ አየችኝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገና ዛሬ እንደምትሰማ።
«ሰው ሳይጠሩትም ይመጣል።
ውሻ ግን ስሙን ካልሰማ፣ የተነሣ እጅ ሁሉ
ድንጋይ ይመስለውና ከሩቅ ይቀራል።»

እኔ ውሻ እፈራለሁ። ይህን ከሚስቴ በቀር የሚያውቅ የለም።
በስምንት ዓመቴ፣ ገንደ ቆሬ፣ ያ ቡናማ… እስከ ዛሬ በሕልም
ጥርሱን ያሳየኛል።
ዐሥራ አራት መርፌ፣ እምብርቴ ዙሪያ፣ በየቀኑ አንድ፤
አባቴ፣ የምድር ባቡሩ ሠራተኛ፣ ክንዴን ጨብጦ
«ወንድ አይደለህም እንዴ?» እያለኝ
እሱው ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር አይቼዋለሁ።

ኬኩን በውሻ መልክ እንዲሠራልኝ ከዚራ ሄጄ ነገርኩት፤
የስልኬን ፎቶ አሳየሁት፣ ቀብድ ከፈልኩት።
በእስኪርብቶ ነድፎ አሳየኝ፤ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ አንገቱ ወፍራም፤
«ወንድሜ፣ ይሄ ጅብ ነው» አልኩት። ሳቀ እንጂ አላፈረም።
«የሐረር ልጅ ነኝ» አለኝ፣ «እጄ የለመደው እሱን ነው፣ ምን ላርግህ?
ጅራቱን አስረዝሜ፣ ጆሮውን አጥፌ እሰጥሃለሁ፤ አይክፋህ።»

ሥጋ ቤቱ ዐጥንት በነጻ ይሰጥ ነበር፤
«ለልደት ነው» ስለው ዋጋ ቆረጠለት።

ወይዘሮ ረምላ በአጥሩ በኩል ሰማችና ዝም አለች ትንሽ።
«ልጆቼ ባይቀሩ ደስ ይለኛል። ግን ውሻ የላሰው ዕቃ…
ታውቀው የለ፣ ሰባት ጊዜ ማጠብ ነው።» አውቀዋለሁ አልኳት።
ከበረንዳው እስከ በሩ ያለችውን መሬት
ሁለታችንም በዓይናችን ለካናት።
«ልጆች በረንዳ ላይ፤ እነዚያ ከበር ውጭ፣ አሸዋው ላይ» አለች፤
«ሳምቡሳው በኔ ይሁን» ብላም ገባች።
ወዲያው ተመልሳ ወጣች፣ የተጨረማመተ ሳፋ ይዛ፤
«ውሃ ይቀመጥላቸው። እንስሳም ይጠማል፣ ሙቀት ሲበዛ።
ሳፋው አይመለስም።»

ዛሬ ማታ ደግሞ፣
«አባ፣ ነገርካቸው?» አለችኝ።
«በአፍ ካልተነገረ ጥሪ አይባልም።»

ሦስት ሰዓት። ባጃጄን ከድልድዩ አጠገብ አቆምኩ።
የደቻቱ አሸዋ የቀኑን ትኩሳት ገና አልለቀቀም፤
በስልኬ መብራት ዝርዝሩን ከፈትኩ፤ ድምፄ እሺ አላለኝም።
«ሻምበል…»
ከጨለማው ሁለት ዓይን በራ። ጉልበቴ ከዳኝ፤
ዐጥንቱን ወረወርኩ፤ ሆዴን ዐሥራ አራት ቦታ ወጋኝ።
አልነከሰኝም። አላመሰገነኝም። አነሣና ሄደ።
ጉርሻ መጣች። አንድ ጆሮ ዙሪያዬን ዞረ፣ እያነፈነፈ ወረደ።
እናትየው መጣች፣ ቡችሎቿን አስከትላ።
«ቅዳሜ፣ ዐሥር ሰዓት፣ ፀሐይ ስትበርድ» አልኩ፣ ለአሸዋው፣ ለዓይኖቹ፤
ድልድዩ ላይ ጉንጩን የወጠረ አንድ ሰው ቆሞ ይሰማኛል፤
ምንም አላለኝም።

«ባቡር!»
ሁለቴ። ሦስቴ።
አንድ ዐጥንት እጄ ላይ ቀረ።

ቤት ስገባ አልተኛችም፤ ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው።
«ምን አሉ?»
«እሺ አሉ።»
«ባቡርም?»
ውሸት ያልሆነ ነገር ፈለግሁ፣ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው፤
«ባቡር» አልኳት፣ «ይዘገያል።
ድሬ ተወልደሽ ይሄ ይጠየቃል?»
አልሳቀችም። አሰበችበት። እርሳሷን በምራቋ አራሰች፤
ከስሙ ጎን «ይዘገያል» ብላ ጻፈች፤
ከሥሩም፣ በትንንሽ ፊደል፣
«ዐጥንቱ ይቀመጥለት።»