ዕልባት

ሳሙና በር ማዶ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ከተከራየኋት ከጠባቧ ክፍል
ሌሊት ሌሊቱን እሠራለሁ፤
መብራት ሲመጣ ተነሥቼ፣ ሲሄድ እተኛለሁ።

ሥራዬን ለእናቴ ማስረዳት ቸገረኝ፤
«ነጋሪት ጎሳሚ በይኝ» አልኳት፣ ሲመረኝ።
«አዋጅ ነጋሪ ነኝ፣ አደባባይ የሌለኝ፤
ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!
እላለሁ በጣቴ፣ ድምፅ ሳላሰማ።»
«ደመወዝ አለው ወይ?» አለችኝ፣ ወዲያው።

የቀጠረኝ እንየው ነው፣ ከበሮ ሠሪው፣
ከቀሃ ወዲያ ማዶ ቆዳ ወጣሪው።
«ገበያው» አለኝ «እንዳየኸው ቀዝቅዟል፤
ከበሮ እንደ ድሮው ገዢ መች ይጠራል?
ድምፁ አንገረብን አያልፍም፤
ይኸ የናንተ ነገር ግን ባሕር ይሻገራል ይባላል።»

ድረ ገጽ ሠራሁለት። ፎቶ ሰቀልኩለት፦
አንድ ትልቅ ከበሮ፣ አንድ ትንሽ፣
የራሱንም እጅ ከነጠባሳው።
ሳምንት ጠበቅን። ቆጣሪው ዘጠኝ አለ።
ዘጠኙን አጣራሁ፦
ሰባቱ እኔው ነበርኩ፣ አንዱ የእንየው ልጅ፣
አንዱ ተሳስቶ ገብቶ
በሩን ሳይዘጋ የወጣ።

ያን ጊዜ ነው ዕልባት ማኖር የጀመርኩት።
ሰው የወደደውን ገጽ በሚያኖርበት ደጅ
«ይህን አንብቡልኝ» የሚል ክር አሰርኩ፤
በአርባ ስም ተጠመቅሁ፣ በአርባ አፍ መሰከርኩ፤
አንዴ ውዴ ነኝ ከአዘዞ፣ አንዴ ጥሩነሽ ከጭልጋ፣
አንዴ ዲያቆን፣ አንዴ ሙሽራ፣
የቱ እንደሆንኩ ሳላውቅ ነጋ።

አንዲቷን ጽሑፍ ደግሞ ሃያ ቦታ ቆራርጬ፣
«ጥሩ» የሚለውን «መልካም» ብዬ ለውጬ፣
«መልካም»ን «ግሩም»፣ «ግሩም»ን «ድንቅ» አድርጌ፣
ያንኑ አንድ ቆዳ መልሼ ፈግፍጌ
ለሃያ መዝገብ ላክሁ።
አሥራ ስምንቱ መለሱት። አንዱ ዝም አለ።
አንዱ ተቀብሎ ከጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሥር ቀበረው።

የአጎቴ የመሪጌታ ልሳነወርቅ ዳዊት
ከሳጥኔ አለ፤ ከብራናው ዳር ዳር
ቀይ ክር፣ አረንጓዴ ክር ተሰፍቶበት።
ዕልባት ይሉት ነበር።
ልጅ ሆኜ አንዱን ክር ይዤ «እዚህ ምን አለ?» ብላቸው
«ምንም፤ ደክሞኝ ያቆምኩበት ነው» አሉ፣
እንደ ማፈር እያሉ።

በአርባ አንደኛው ሌሊት አንድ ያልፈጠርኩት ሰው
ከደባርቅ ጻፈ፦
«ቆዳው በክረምት አይረግብም ወይ?»
አበቃ። «ድንቅ» የለ፣ «ግሩም» የለ፣
ሰላምታም የለ።
ሲነጋ ቀሃን ተሻግሬ ለእንየው አነበብኩለት።

«ይረግባል» አለ፣ መሮውን ሳያስቀምጥ።
«ይረግባል፤ ምን ልዋሽ?
እሳት ዳር ያሙቀው፣ ጠፍሩን ያጥብቀው፣
ሐምሌና ነሐሴ ከግድግዳ ያርቀው።
አይረግብም ያለህ ካለ፣ ከበሮ አያውቅም በለው።»

እንዳለ ጻፍኩት፤ መሮው የቆመበት ቦታ ነጥብ አኖርኩ።
በራሴው ስም፣ በአንሙት፣ አስገባሁት።
በሦስተኛው ቀን አየሁ፦ አንድ ክር ታስሮበታል፣
እኔ ያላሰርኩት።
ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሰባት ቀን ጭጭ።

ተሸጠ ወይ? አንድ። ያውም በዱቤ፣
ለዚያው ለደባርቁ ሰው።
የቤት ኪራዬ ደርሷል፤ እንየው የሰጠኝ ግማሹን ነው፣
የቀረው ግማሽ እልባት አላገኘም።

አሁን ሌሊቱን አርባ ስሜን እየፈታሁ ነው፤
ውዴን ከአዘዞ፣ ጥሩነሽን ከጭልጋ፣
ዲያቆኑንም ይቅር በለኝ ብዬ።
ሙሽራዋን ግን ማጥፋት አቃተኝ፤
አንድ ሰው ጽፎላታል፣
«ሰርግሽ መቼ ነው?» ብሎ።
ምን ልበለው?
ጣቴን ሳነሣ
መብራት ሄደ።