ፀሐይዋ በየት በኩል

ዩኒቨርሲቲው በሩን ዘግቶ ሐምሌ ሲገባ፣
ኤቫንቲያ ከደላላ ቢሮዋ ወሰደችኝ፣ ለአንድ በጋ።
ደሞዝ የለም፤ የአውቶቡስ ቲኬት ግን አላጣም።
“ዋናው ልምድ ነው” አለች። ልምድ ደግሞ አይበላም፣ አይጠጣም።

ሃያ ሦስት ቁልፍ በአንድ ቀለበት ታስሮ፣
ደረጃውን ስወጣ ሲንቃጨል አብሮ
(ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ ቆሟል)፤
ገዢ ሳይመጣ ቀድሞ መድረስ፣ የተዘጋ ቤት ይታመማል፤
መስኮት መክፈት፣ ቧንቧ መልቀቅ፣
ዝገቱ ሄዶ ውሃው እስኪጠራ መጠበቅ።
ማታ ደግሞ በየመብራቱ ምሰሶ
“የሚሸጥ” የሚል ቢጫ ወረቀት መለጠፍ፣
የሌላውን ደላላ ሸፍኖ ማለፍ።
ነገ እሱ በተራው የእኔን ይሸፍናል።

ቋንቋም ተማርኩ። ጠባብ ማለት “ምቹ” ነው፤
ጨለማው “ቀዝቀዝ ያለ”፣ አሮጌው “ታሪክ ያለው”።
“የባሕር እይታ” ማለት ከበረንዳው ጫፍ ወጥተሽ፣
አንገትሽን እንደ ሰጎን አስረዝመሽ፣
በሁለት ሕንፃ መሀል የምታያት
አውራ ጣት የምታክል ሰማያዊ።
“ሐሰት ነው እንዴ?” ትላለች ኤቫንቲያ፤
“ባሕሩ እዚያው አለ። የት ሄደ?”

ክፍሉን ስለካው አሥራ አንድ ከአርባ ወጣ።
“አሥራ ሁለት በዪው፣ ግድግዳውም ቦታ ነው” አለችኝ፣ ሳትቆጣ።
ክፉ አይደለችም። ቤት ያለህ የሚለውን ሁሉ ባለቤት ስታደርግ
ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላት፤
ዛሬም ተከራይ ናት።

በነሐሴ እኩሌታ፣ ተሰሎንቄ ባዶዋን ስትቀር፣
ስቴርጊዮስ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ መጣ፣
ከሌሊት ፈረቃው ሳይተኛ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣
ክንዱ በምድጃ አፍ የተለበለበ።
ኩሽናው መሀል ቆመ። ዋጋ አልጠየቀም፣ ሊፍቱንም አላነሳም።
“እኔ ቀን ነው የምተኛ” አለ።
“በታኅሣሥ ስነቃ ቀኑ አልቋል፤
ፀሐይን የማገኛት ለጥቂት ደቂቃ ነው።
በዚህ ቤት፣ በብርዱ ወር፣
ፀሐይዋ በየት በኩል ትገባለች?”

መልሱን አጥንቼዋለሁ፤ “ቀኑን ሙሉ ብርሃን ነው” ይባላል።
አፌን ከፈትኩ፣ ሌላ ቃል ወጣ።
“አላውቅም” አልኩት፤ “እኔ ይህን ቤት የማውቀው በነሐሴ ብቻ ነው።”
ራሱን ነቀነቀ። ወረደ።
እርምጃውን ቆጠርኩት፤ ሃምሳ አንድ ደረጃ።

በማግስቱ አልደወለም፣ በሳልስቱም።
“‘አላውቅም’ ካሬው ስንት ነው የሚሸጠው?” አለች ኤቫንቲያ፤
ኮክ ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ።

በዚያ በጋ አንድም ቤት አልሸጥኩም፤
ቤት የመታሁት እዚህ ግጥሙ ላይ ነው፣ እሱም አልፎ አልፎ።
ለዩኒቨርሲቲው አሥር ገጽ ዘገባ ጻፍኩ፣
“የገበያ ትንተና” የሚል። ከአሥር ሰባት አገኘሁ።

ታኅሣሥ ላይ በዚያ መንገድ ሳልፍ
ምሰሶው ላይ የኔ ቢጫ ወረቀት ጥግ ብቻ ታያለች፤
በላይዋ የተለጠፈው የሌላው ደላላ ነው።
በደወሉ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ፦ ስቴርጊዮስ።
የሸጠለትም ያው ከላይ የለጠፈው።

ደወልኩ። ፀጉሩ እንደቆመ ከፈተ፣ አየኝ፣
ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ “በኩሽናው በኩል!” አለ።
“ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ከሩብ። ግቢ፣ አላለቀም።”
በእነዚያ ሁለት ሕንፃዎች መሀል፣
በባሕሯ፣ በአውራ ጣቷ ክፍተት፣
ፀሐይ ተሹለክልካ ገብታ
ወለሉ ላይ ተጋድማለች።
ወንበሩን እዚያ ላይ አድርጎታል።

ለኤቫንቲያ ያልመለስኩት ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።
ተንበርክኬ ስፋቷን ለካሁ፤
ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር።
አልጨመርኩባትም።