ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር

የጫማዬን ምላስ አውጥቼ ጻፍኩበት፣
በጥር፣ በእስክሪብቶ፣ የገዛሁት ዕለት፦
ዜሮ ኪሎ ሜትር። ሻጩ ነው የነገረኝ፣
«ሰባት መቶ ሲሞላ ጡረታ አውጪው» ያለኝ።

አሮጌውን ጫማ ገልብጦ እያየ፣
የሶሉን መበላት በጣቱ እየለየ፣
«ወደ ግራ ያደላል እግርሽ» አለኝና፣
«ከየት ነሽ?» ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀና
አለ፣ ዐይኑ በራ፤ «እንግዲያስ!» ሊል ሲል፣
«ተወኝ» አልኩት፣ «ልጄ፣ በከንቱ አትቸኩል፤
የሚሮጡት ሌሎች ናቸው፤ እኔ አጣቢ ነኝ፣
የአረጋውያን ቤት አንሶላ የሚያውቀኝ።
አምስት ኪሎ ሜትር፣ ነፋስ እንኳ ካገዘኝ፣
በአርባ አራት ደቂቃ ነው የሚያልቅልኝ።»

ስሜ ስንዱ ነው። ግን መነሻ መስመር ላይ
ስንዱ ሆኜ የቆምኩት መቼ ነው? ወይ
ጓንቴ ይረሳል፣ ወይ ክሬ ይፈታል፣
ወይ ሽንት ቤት ስሰለፍ ሰዉ ሁሉ ይነሣል።

ኤድመንተን፣ ቅዳሜ። ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት።
ወንዙ እንደ ተኮስኩት አንሶላ ጸጥ ያለበት።
ፊቴን ቫዝሊን ቀብቼ፣ ሦስት ልብስ እንደ ሽንኩርት
ደርቤ፣ ደረጃውን ስወርድ በዳዴ፣ በፍርሃት፣
ኦረስት ታች ቆሞ ይስቃል። ሰባ አንድ ዓመቱ፣
ጡረተኛ ቧንቧ ሠሪ፤ ጢሙ በረዶ፣ በረዶ ፊቱ።

«ቁጭ በይ» አለኝ አንድ ቀን። ከመኪናው ኋላ
መሰርሰሪያ አወጣ። «አውልቂ» ብሎ እንጂ ሌላ
አልተናገረም። በአዲሱ ሶል፣ ገና ባልጠገብኩት፣
አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብሎን ሲተክልበት
ጮህኩ። «ለበረዶ ነው» አለ፣ «ጥርስ ነው ያበቀልኩለት።»
ምላስ ብቻ የነበረው ጫማ ጥርስ አወጣ፤
የመስታወቱን መንገድ እያኘከ ዳገት ወጣ።

የኦረስት ሕግ አንድ ነው። ሰዓት አያስርም፣
የልብ ምት አይቆጥርም፣ መጽሐፍ አይጠቅስም፦
«እየሮጥሽ አውሪኝ። ማውራት ካቃተሽ፣
ከልክ አልፏል ማለት ነው ፍጥነትሽ።»
አወራሁት። ስለ ማድረቂያው፣ ካልሲ ስለሚበላው፤
ስለ ማታ ፈረቃ፤ ስለ ልጄ፣ ስልክ ስለማያነሳው።
እሱም ስለ ዳርካ፣ ሚስቱ ስለነበረች፣
ካርታ ስትጫወት ስለምታጭበረብር፣ ስለሞተች።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
እኔን ግን ያ እንቁላል ድልድዩ ላይ አልፎኛል።
ዘወር ብሎም አላየኝ።

ሰኞ ቀላል፣ ረቡዕ ዳገት፣ ቅዳሜ ረጅም፤
መቶ ሃያ፣ ሦስት መቶ አርባ፤ ምላሱ ላይ ቀለም
በቀለም ተደራረበ። በሚያዝያ ብሎኑን ነቀለልኝ፤
በሰኔ ጉልበቱ «በቃኝ» አለው፤ ብቻዬን ቀረሁኝ።

ነሐሴ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ግማሽ ማራቶን፤
ከኋላዬ አንድ መኪና ብቻ፣ የሚሰበስብ ኮን።
ሾፌሩ መስኮት ዝቅ አድርጎ «ላድርስሽ?» ቢለኝ፣
«ማውራት እችላለሁ» አልኩት፤ «ልክ ነው ፍጥነቴ፣ ተወኝ።»
ሜዳሊያው አልቆ ነበር። ሙዝ ሰጡኝ። በላሁት።

ኅዳር። ስድስት መቶ ዘጠና ስምንት። ሁለት ይቀራል።
ኦረስት አዲስ ጉልበት ገብቶለታል፣ የብረት፤ ይላል፦
«አሁን እኔም ዕቃ ገዛሁ፣ ዋስትናው ሃያ ዓመት!»
ባለ ጎማ መደገፊያውን ይዞ ወጣን፣ በንጋት።
አንዷ ኪሎ ሜትር ሃያ ስድስት ደቂቃ። ሰዎች አለፉን፤
ውሻ አለፈን፤ መንታ የምትገፋ እናት አለፈችን።
ዝም አለ። ላቡን አየሁት፣ በዚያ ብርድ፣ ሲንጠባጠብ።
«ማውራት አቅቶሃል» አልኩት። «ፈጥነሃል።»
ቀነሰ።

ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። እስክሪብቶው
በብርድ ደርቆ እምቢ አለ፤ በትንፋሼ አሞቅኩት።
«ስንት ነው?»
«ሰባት መቶ። ጡረታ።»
ተቀበለኝ፤ ሶሉን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው፤
ወደ ወንዙ፣ መቆም ወደ ጀመረው፣ ቀና ብሎ አየና፣
«ሻጭ ያለሽን ሁሉ ትሰሚያለሽ?» አለኝ።
«ሂጂ፣ መሰርሰሪያውን አምጪልኝ።»