የሻማው ሂሳብ

ኢንጎልስታት። ከዳኑብ ዳር፣ ከአሮጌው ቅጥር ሥር፣
የከተማው ወረቀት በሚያርፍበት ምድር ቤት፣ በብል አገር፣
ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ጃንጥላውን አራግፎ፣
አሎይስ ክሬምፕል፣ ማስታወሻውን በብብቱ ታቅፎ።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው፤ ብል ለበላው ጥራዝ
ስስ ወረቀት መለጠፍ፣ ሙጫውን መበረዝ።
የእሱ ሥራ ይከብዳል፤ መነጽሩን ወልውሎ
ዓለምን የሚዘውር እጅ ማግኘት፣ «አለ» ብሎ።

«ሠላሳ ዓመት የደከምኩበትን ፋብሪካ ማን ዘጋ?
ማነው በየወሩ የሚቆልለው የዳቦን ዋጋ?»
(ልጄ ስለምን አይደውልም? ይህን ግን አይልም፤
ለእሱ መልስ የሚሆን የምሥጢር ማኅበር የለም።)

ስሜንም መረመረ። «ወለላ፣ ትርጉሙ ምንድነው?»
«ሰሙ የተለየለት ማር» ስለው፣ ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው።

አንድ እውነት አለው፤ አልክደውም፦ እዚሁ፣ በዚህ ከተማ፣
ጥቂት ምሁራን ቃል ተገባብተዋል፣ ጎረቤት ሳይሰማ፤
«የበራልን» ተባብለው። አሥር ዓመት እንኳ ሳይደፍን
በአዋጅ ቀጨው፣ አገሩን የሚገዛው መስፍን።

ማኅበሩ ሞተ። ማደግ የጀመረው ከዚያ ነው፤
በሩቅ አገር የንጉሥ አንገት ቢቀላ፣ «የእሱ እጅ ነው»፤
ባንክ ቢከስር የእሱ፣ ጦር ቢነሳ የእሱ፣
በቁሙ ያላየውን ዙፋን አስከሬኑ ወረሰው ለራሱ።

በጥቅምት፣ የአንድ ጓንት ሰፊ ቤት ፈርሶ፣
ከወለሉ ሥር ሣጥን ወጣ፣ ቀይ ሰም ለብሶ፤
በሰሙ ላይ ሦስት ጉጉት። የአሎይስ እጅ ተንቀጠቀጠ፤
እንደ ቅኔ ተማሪ፣ ወርቁን ሊያይ ቋመጠ።
ሰሙን በቢላ ገፍፌ መዝገቡን ከፈትኩለት፤
የእጅ ጽሕፈቱ ለዓይኑ ቢረቅበት፣ እኔ አነበብኩለት፦

    የሻማ መግዣ፣ ሁለት ጉልደን። የማገዶ፣ አንድ።
    ወንድም ድንቢጥ መዋጮውን ዘንድሮም አላመጣም፤ ይገሠጽ።
    ወንድም ጭልፊት፣ ሚስቱ በምጥ ተይዛ፣ ከጉባኤ ቀርቷል።
    ወንድም ቁራ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ፣ ተቆጥቶ ወጣ።
    የተከለከለውን መጽሐፍ በየተራ አነበብን፤
    ሦስተኛው ምዕራፍ ለማናችንም አልገባንም።
    የሻማ መግዣ፣ ሦስት ጉልደን። ሻማ ተወደደ።

በመጨረሻው ገጽ ጽሕፈቱ ይቸኩላል፦

    ድንቢጥን ወሰዱት። ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ በእኛ ላይ ናቸው።
    ደብዳቤ ሁሉ ይቃጠል።
    ከእንግዲህ ሻማ አንገዛም።

ጉሮሮዬ ደረቀ። አሎይስ ቆይቶ ጠረጴዛውን መታ፣
«አየሽ!» አለ፣ ያ የከበደ ፊቱ ፈታ፣
«አየሽ እንዴት እንደሸሸጉት! ሾርባ ሲሉ ደም ነው፤
ሻማ ሲሉ ንጉሥ፤ ምጥ ሲሉ የሚመጣው ዘመን ነው!»
«ሻማ ነው» አልኩት፤ «በጨለማ ማንበብ ስለማይቻል።»
«ይህን እንድትይ ነዋ!» አለኝ፤ «ሻማው ለዚህ ተጽፏል።»

ወጣ፣ ዝናብ እየመታው፣ ጃንጥላውን እዚሁ ረስቶ፤
ደረጃው ላይ ሲያፏጭ ሰማሁት፣ ለቁጣው ቤት አግኝቶ።
ማን ይፈርድበታል? ክፉ ነጂ ያለው ጋሪ ይሻላል፣
ነጂ የሌለው ቁልቁል ሲወርድ ከማየት፣ ልብ ይላል።

ማታ፣ ብቻዬን፣ ጥራዙን ልሰፋ ቅጠሉን ስቆጥር፣
ከአርባ ቀጥሎ አርባ ሁለት። መሐሉ የለም። ከሥር
በስለት ተቆርጧል፤ ቀጥ ብሎ፣ በጥንቃቄ።
ሾርባ ፈሶበት ይሆናል አልኩ። ቀዘቀዘብኝ ሳቄ።

መብራቱን አጥፍቼ ደረጃውን ወጣሁ።
ቆምኩ።
ተመልሼ አበራሁ።