ጉሙ ሲንቀራፈፍ

ጉም ከጦሳ ሲወርድ ያለ አንዳች ኮቴ፣
የቆርቆሮው ጣራ ሲሰወር በሆጤ፣
አንዴም አይደናቀፍ፣ አይል ቆም፣ አይል ቀጥ፤
የእኔው ስክሪን ጉም ግን ቁርጥ ይላል፣ ቁርጥ።

ሰባት ዓመት ሆነው ግራፊክስ ካርዴ፤
ከአራጋው ሱቅ የገዛሁት
ሁለቴ ተጣልቼ፣ ለምኜው አንዴ።
ከፒያሳ ሳመጣው ታቅፌው እንደ ልጅ
ድምፅ አልነበረውም፤
ማራገቢያው ዛሬ የወፍጮ ቤት ደጅ።
እናቴ ከግድግዳው ማዶ፦ “ልጄ፣ ምነው?
ያ ሣጥን ያቃስታል፣ ትኩሳት ይዞት ነው?”

በስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር አለች፣
በሰከንድ ያለፈን ምስል ትቆጥራለች።
ስልሳ ስትል ሰላም፤
አርባ ስትል ሐሳብ፤
ሃያ ሁለት ስትል ኪስን መዳሰስ፣
የባንክ ደብተሬን ከትራስ ሥር ማመስ።

ግንቦት ላይ፦ “ሰኔን ልይ፣ ዋጋው ይቀንሳል።”
ሰኔ ላይ፦ “አዲሱ ሊወጣ ነው አሉ፣ ያሁኑ ይረክሳል።”
ሐምሌ ዶላር ጨመረ፣ ይረክሳል ያልኩት ተወደደ፤
አዲሱም ወጣ አሉ፣
የጠበቅሁት ሁሉ በጎኔ አልፎ ሄደ።

ደግሞ ካርዱ ብቻ ቢሆን! አዲሱ ኃይል ይበላል፣
የእኔ ፓወር ሰፕላይ መች እሱን ይችላል?
እሱን ብለውጠው ፕሮሰሰሩ ያነክሳል፤
ፕሮሰሰር ልለውጥ ስል ቦርዱ ያኮርፋል።
አንድ ጥርስ ላስነቅል ወጥቼ
መንጋጋዬን ልሸጥ ነው።

በነሐሴ ሉባባ መጣች ከኮምቦልቻ፣
ወንበሬን ነጠቀች፦ “አቦ፣ ቆይ፣ አንዴ ብቻ!”
ሩብ ሰዓት ተጫውታ ዞር አለች በኩራት፦
“ተጫዋች ነህ ወይስ ቆጣሪ አንባቢ የመብራት?”
ቁጥሯን አጠፋቻት።
ጥላውን ዝቅ፣ የሣሩን ብዛት ቀነስ፤
ከዚያ ሣጥኑን ፈታች። ያቀፈው አቧራ
ይሞላ ነበረ አንድ ደህና ትራስ።
የደረቀውን ማጣበቂያ ፍቃ አዲስ ቀባችው፤
ወፍጮው ዝም አለ።
እናቴ ከማዶ፦ “እሰይ፣ ተሻለው!”

መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ እስከ ጥር፣
አሮጌው አኖረኝ፣ ሳልጠይቀው ቁጥር።

አንድ የጥር ሌሊት ግን፣ በአዲሱ ጨዋታ፣
ጉም የሸፈነው ድልድይ ላይ ደረስን፣ ወደ ማታ።
እሷ ተሻገረች። እኔን ጉሙ ያዘኝ፤
አንድ እግሬን ሳነሣ ሌላው ተረሳኝ፣
ወንዙ ቆሞ ቀረ፣ ጥይቱም በአየር ላይ፣
ስክሪኑ ሲነቃ
ሉባባ ፋኖሷን ይዛ ቆማለች ከማዶ፣
ጠላት ሲከባት፣ እኔን ስታይ።

በማግሥቱም ጠበቀችኝ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ሞታ ተነሥታ፣ በጆሮዬ፦
“አብሽር፣ ቀስ ብለህ ና” አለች።
ያ “አብሽር” ነው የቆረጠልኝ።
እኔ ብዘገይ ለራሴ፤
ሰው ማቆሜ ግን፣ ያውም እሷን፣ ያውም በጉም!
ይህን ያቺ የጥግ ቁጥር አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ሐረጎን ወረድኩ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ተከፈተ፤
ጃኬቴን አወለቅሁ፣ ብርዱ እላይ ቀረ፣ ሙቀቱ በረታ።
አበጋዝ ሦስት ካርድ ዘረጋ።
ትልቁ ዓይን ያፈዛል፣ ትንሹ እንዳሮጌዬ ነው፤
ፓወር ሰፕላዬ የሚችለውን ያዝኩ፣ መካከለኛውን፣
አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው አስፈትኜ፣
በዳበሳ እንደሚገዛ በግ።
አሮጌውን ለጎረቤት ልጅ፣ ለምስባሕ ሰጠሁት፤
ካርድ የሚባል አያውቅም ኮምፒውተሩ፤
ሃያ ሁለት ለሱ ሠርግ ነው።

ማታ ገጠምኩት። ድልድዩ ጋ ደረስኩ።
ጉሙ ፈሰሰ፣ እንደ ወተት፣ ያለ ስንጥቅ፤
ዛሬስ ቀድሜ ልሻገር ብዬ እግሬን ሳነሣ፣
ድርግም!
ሆጤ በሙሉ ጨለመ።

ስልኬ በራ፦ “የት ቀረህ? ማዶ ቆሜያለሁ።”
መልስ ልጽፍ ቀና ስል በመስኮቱ በኩል
ጉም ከጦሳ እየወረደ ነው፣
አንዴም ሳይደናቀፍ።