የድሮ ሾፌር

ከአውቶፓርኮ ፒያሳ፣ በሁለተኛ ማርሽ
እየነዳሁ አለሁ፣ ይህን አጭር ትንፋሽ።
ጉልበቴ ሲጥ ይላል፣ ሸራው እንዳለቀ ፍሬን፤
ግንቡ ጥግ ቆማለሁ፣ እስክሰበስብ ራሴን።
እሱን፣ ስላረጀ፣ ትኬት ቆርጠው ያዩታል፤
እኔን ግን፣ «ቀስ አባባ» ብለው ያልፉኛል።

«ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኘኝ፣ ያ ልጅ እግር ሐኪም፤
መለዋወጫው፣ እንደ ፊያቴ፣ ገበያ ላይ አይገኝም።

ሊማሊሞን ግን ጠይቁኝ፣ ጥምዝ በጥምዝ፣ በሌሊት፣
የቱ ጋ ጉም እንደሚጠብቅ፣ የቱ ጋ እንደሚናድ መሬት።
እጆቼ አልረሱትም፤ ተኝቼም ይነዳሉ፣
መሪ የያዙ መስሏቸው ብርድ ልብሱን ይጠመዝዛሉ።

የሚጠፋኝ ቅርቡ ነው፤ የጠዋት ኪኒን፣ የበር ቁልፍ፣
ሰላም ብሎኝ፣ ስሙን ሳላገኝ፣ ጎረቤቴ ሲያልፍ።

ማታ ልጄ ስትገባ፣ «ዝማም፣ መጣሽ?» እላለሁ።
ዝማም እናቷ ነበረች፤ በእጄ አፈር አልብሻታለሁ።
አምና፣ «እኔ ፈንታነሽ!» ብላ ታርመኝ ነበር፣ በቁጣ።
ዘንድሮ «አቤት» ትላለች፣
ጫማዬን ልታወልቅ መጥታ።